ሽማግሌዎቹ በንጋት የመጡ ዕለት

መርካቶ፣ እህል በረንዳ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ጤፍ የነፋ ሰው ብናኝ የማይገባበት ቦታ እንደሌለ ያውቃል። ሸዋገነትም ስልኳን በላስቲክ ጠቅልላ፣ በመሐረብ ቋጥራ፣ ጡቷ ሥር ነው የምትይዘው። ወንፊቱን ስትነቀንቅ ስልኩ የጠራ ይመስላትና ታቆማለች። ቋጠሮውን ትፈታለች፣ ላስቲኩን ትገልጣለች፤ ማንም አልደወለም። መልሳ ትጠቀልላለች። የ2017 ኅዳር በዚህ አለቀ፤ ታኅሣሥም በዚሁ ገባ።

የምትጠብቀው የአንድ ልጇን የበፍቃዱን ድምፅ ነው። በፍቃዱ ወታደር ነው። ካምፕ ከገባ ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ ካለፈው ዓመት መጀመሪያ ወዲህ ደግሞ ሶማሊያ ውስጥ፣ ባይደዋ ከሚባለው ከተማ ወጣ ብሎ ባለ ጦር ሰፈር ይገኛል። በየሁለት እሑዱ፣ እሷ ከተክለ ሃይማኖት ቅዳሴ ስትወጣ፣ ሳያዛንፍ ይደውልላት ነበር። አሁን ግን አራት እሑድ አለፈ። የኔትወርክ ጉዳይ ይሆናል ይሏታል። ይሆናል ብላ እሷም ታስባለች፤ ማሰቡ ግን እንቅልፍ አላመጣላትም።

ሸዋገነት ድሮም እንዲህ ነበረች ብሎ የሚያስብ ካለ ተሳስቷል። ሲበዛ ተጫዋች ሴት ናት። ከመርሐቤቴ ስትመጣ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። ሰው ቤት ሠራች፤ ከዚያ እህል በረንዳ ኩንታል የሚሸከም አንድ ጉልበተኛ አገባች፤ ልጃቸው ሁለት ዓመት ሳይሞላው ጉልበተኛው በሳምባ ምች ሞተባት። አርባውን አውጥታ በማግሥቱ ልጇን አዝላ፣ ባሏ ይሠራበት ወደነበረው መጋዘን ሄደች። ባለ መጋዘኑ ሁዛይፋ ያኔ ገና ጢሙ ያልጠነከረ፣ የአባቱን ንግድ በቅርብ የተረከበ ልጅ ነበር። "ባሌ የተሸከመውን መሸከም አልችልም፤ እሱ ያወረደውን ግን ማበጠር እችላለሁ" አለችው። ሁዛይፋ ወንፊት ሰጣት። ይኸው እስከ ዛሬ መልሶ አልተቀበላትም።

በፍቃዱ ያደገው እዚያው ጆንያ ላይ ነው። እሷ ጤፍ ስትነፋ እሱ ከመጋዘኑ በር አጠገብ፣ ጆንያ ሰፊው ይመር ጋ ይቀመጣል። ይመር የወሎ ሰው ነው፤ ዕድሜው ስድሳን ነክቷል። በ1999 ዓ.ም. ጦሩ ሶማሊያ ሲገባ አብሮ የገባ ወታደር ነበር። አንድ ቀን አጠገባቸው በፈነዳ ነገር የግራ ጆሮው ደነቆረ፤ ከስድስት ጓደኛሞች አራቱ እዚያው ቀሩ፣ እሱና ሌላ አንድ ሰው ተመለሱ። ከተመለሰ ጀምሮ መርፌና ሲባጎ ይዞ የተቀደደ ጆንያ ይሰፋል። እጁ ጆንያ ይሰፋል፣ አፉ ጦርነት ያወራል። የአራቱን ስም፣ የእያንዳንዳቸውን ጠባይ፣ ማን ዘፋኝ እንደነበረ፣ ማን ሻይ ያለ ስኳር እንደማይጠጣ፣ ሁሉንም በፍቃዱ በቃሉ ያውቃል። ልጁ ሃያ አንድ ዓመት ሲሞላው ተመዘገበ። እናቱ ስትሰማ ወንፊቷን መሬት ላይ ወርውራ ቁጭ አለች። ይመር ግን በደስታ አዲስ ቀበቶ ገዝቶ ሰጠው። ያቺን ቀበቶ ሸዋገነት አልረሳችም፤ አልተናገረችም እንጂ።

እንግዲህ በዚያ ሰሞን ወሬው ሁሉ አንድ ነበር። የሶማሊያ መንግሥት የኢትዮጵያ ጦር በፈረንጆቹ ዓመት ማብቂያ ይውጣልኝ ብሏል። ይወጣል ወይስ አይወጣም? እህል በረንዳ ደግሞ ተጠይቆ የማያውቅ፣ መልስ ግን አጥቶ የማያውቅ ሰፈር ነው። የጤፍ ዋጋ ለምን እንደጨመረ ሦስት ሰው በአንድ ሐሳብ አይስማማም፤ የጦሩን ጉዳይ ግን ሁሉም ጨርሶ ያወቀው ይመስላል። አንዱ አይሱዙ ላይ ቆሞ ኩንታል እያወረደ፣ ጦሩ ከወጣ አልሸባብ ድንበር ላይ ነው ይላል። ሌላው ከሥር እየተቀበለ፣ አገር ቤት ያለው ጦርነት መቼ አንሶን ነው ሰው አገር ልጅ የምናስጨርሰው ይላል። ኩንታሉ መሐል ላይ ተንጠልጥሎ ይቆያል። ሁዛይፋ ከጅጅጋ በኩል የሚገባ ዕቃ ስላለው በየቀኑ ሐሳቡን ይቀያይራል። ሸዋገነት በመካከላቸው ቁጭ ብላ ትነፋለች። በየደቂቃው ቀና ትላለች፣ ወንፊቱን ከዚህ ጉልበቷ ወደዚያ ታዛውራለች፣ ውኃ ጠጥታ ሳትጨርስ ትነሳለች። የሚከራከሩበት ነገር የእሷ ልጅ መሆኑን የሚያስታውስ የለም።

አይወጣም ከሚሉት ወገን ዋናው ይመር ነበር። ነገሩን ደግሞ ዝም ብሎ አይልም፤ የራሱ ምክንያት አለው። በ2001 ጦሩ ወጣ፤ ሦስት ዓመት ሳይቆይ ተመልሶ ገባ። እነሱ ደም አፍስሰው የያዙትን ቦታ የሌላ ሰው ልጅ እንደገና ደም አፍስሶ ያዘው። አሁን ብንወጣ ነገ የሚገባው ገና ጡት የሚጠባ ልጅ ነው ባይ ነው። ይህን ሲናገር ድምፁ ይወፍራል። ግራ ጆሮው ስለማይሰማ መጮኹንም አያውቀውም።

በኅዳር መጨረሻ፣ አንድ ማክሰኞ፣ ሸዋገነት ዝም ማለት አቃታት። ይመር እንደ ልማዱ ስለ አራቱ ጓደኞቹ አንስቶ፣ እነሱ እዚያ ቀርተው እኛ ጥለናቸው ብንወጣ ምን ብለን እንኖራለን ሲል፣ ወንፊቷን አስቀምጣ ተነሳች። አሥራ አራት ዓመት ጋሼ ብላ እንጂ ጠርታው አታውቅም፤ አንተ ብላውም አታውቅም። ያን ዕለት ግን ጋሼውም እርስዎውም አልተገኘም።

"ልጄን የላክኸው አንተ ነህ" አለችው። "አሁን ደግሞ አይመለስ የምትለው አንተ ነህ። ያኔ አምስተኛ ሆነህ እዚያው ቀርተህ ቢሆን ልጄ ዛሬ አጠገቤ ነበር።"

ኩንታል የተሸከመው ሁሉ እንደተሸከመ ቆመ። ይመር መርፌውን ጆንያው ላይ ሰክቶ ተነሣ። ጃኬቱን አነሳ፣ ወደ ዋናው መንገድ ወጣ፤ ያን ዕለት አልተመለሰም። ሸዋገነት ተቀምጣ መንፋቷን ቀጠለች። ግማሹ ጤፍ መሬት ላይ ፈሰሰ፤ እየለቀመች ዋለች።

ከዚያ ወዲህ ሁለቱ አይነጋገሩም። ይመር በማግሥቱ መጥቶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ወሬ የለም፣ ሶማሊያ የለም፣ አራቱ ጓደኞች የሉም። ጆንያ አገላብጦ እየሰፋ ባለቤቶቹ ይመልሱበት ጀመር። የሸዋገነትም ነገር ከዚህ አይሻልም። ተጸጽታለች፤ አልተጸጸትኩም ትላለች። ማታ ማታ ያለችው ነገር ራሷ ላይ ይዞርባታል፤ ጧት ስትነሳ ደግሞ ያቺ ቀበቶ ትዝ ትላትና ልቧ ተመልሶ ይደነድናል። ሥራ ቦታ ደርሳ መቀመጥ አትችልም። ከአትክልት ተራ በኩል አቋርጣ መምጣት ጀምራ ነበር፤ የሰውና የጋሪው ግፊያ ቢያንስ ሐሳቧን ይበታትንላታል። ስልኳንም በቀን ሃያ ጊዜ ትፈታለች።

ገበያው ግን ጠብ አይወድም፤ በተለይ ሥራ የሚያስፈታ ጠብ። ነገሩን የእህል በረንዳ ዕድር ሊቀ መንበር አቶ ወልደሚካኤል ያዙት። ወልደሚካኤል የማይገቡበት ነገር የሌላቸው፣ ሥርዓት አዋቂ፣ ትንሽ ረዘም አድርገው የሚናገሩ ሽማግሌ ናቸው። በቅድሚያ ይመርን አነጋገሩ። ይመር ብዙ አላስቸገራቸውም። ልጁን የላክሁት እኔ መሆኔን እኔም አላጣሁትም፤ እግሯ ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቃለሁ አላቸው። ወልደሚካኤል ሁዛይፋን ጨመሩ፣ ሌላ አንድ የዕድሩን ሽማግሌ ጨመሩ። ሥራ ሳይጀመር፣ መኪኖቹ ሳይገቡ፣ ቤቷ ድረስ ሄደን እንጨርሰው ተባባሉ። ኀሙስ፣ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ከአራቱ ሰዎች መካከል መርዶ አርድቶ የማያውቅ የለም። ወልደሚካኤል ብቻቸውን ከሃያ ሰው በላይ አርድተዋል። መርዶ በንጋት እንደሚነገር፣ ሽማግሌ ጋቢውን ደርቦ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ጎረቤት ሳይነሳ በር እንደሚያንኳኳ ከእነሱ የተሻለ የሚያውቅ ሰው መርካቶን ቢዞሩት አይገኝም። ልጇ ጦር ሜዳ ያለ፣ አራት እሑድ ሳይደውል የቀረ እናት ቤት፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ጋቢ፣ አራት ሆነው ሲሄዱ ግን ለአንዳቸውም አልታያቸውም። ሐሳባቸው ሁሉ መኪኖቹ ሳይገቡ መመለስ ላይ ነበር።

ሸዋገነት የምትኖረው ከተክለ ሃይማኖት ቤተ ክርስቲያን ጀርባ፣ ስድስት ቤት ባለው ግቢ ውስጥ፣ በአንድ ክፍል የቀበሌ ቤት ነው። ተነስታ ፊቷን ታጥባ፣ ነጠላዋን እየፈለገች ነበር። የግቢው የቆርቆሮ በር ሲንኳኳ ሰማች። በሯን ገርበብ አድርጋ አየች። ፊት ለፊት የዕድሩ ሊቀ መንበር፤ ከኋላ ሁዛይፋ አንገቱን ደፍቶ፤ ከእሱ ጎን ሌላ ሽማግሌ። ከሁሉም ኋላ ይመር፣ ዐይኑን መሬት ላይ ተክሎ። ሁሉም ጋቢ ለብሰዋል። ማንም አያወራም።

አልጮኸችም። በሯን ዘጋች፣ መቀርቀሪያውን ወረወረች፣ ሳጥኗን ጎትታ በሩ ላይ አስደገፈች። ከዚያ ሳጥኑ ላይ ተቀምጣ ጆሮዋን በሁለት እጇ ያዘች። በጭንቅላቷ ውስጥ የነበረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እስኪነግሯት ድረስ ልጇ በሕይወት አለ።

ወልደሚካኤል አንኳኩ። የተቀበላቸው ባይኖርም ሥርዓቱን አላጎደሉም።

"ወይዘሮ ሸዋገነት፣ ክፈችልን እንጂ" አሉ በዚያ ለስላሳ ድምፃቸው። "ቁጭ ብለን የምናጫውትሽ ነገር አለ።"

ከዚህ የባሰ ቃል ሊመርጡ አይችሉም ነበር። ከጎን ክፍል የምትኖረው ሰገነት የምትባል ወጣት ጎረቤቷ ይህን ሰምታ ብቅ አለች፤ ሽማግሌዎቹን አየች፤ የተዘጋውን በር አየች። እጇን ራሷ ላይ ጭና፣ "በፍቃዱ! የኔ ወንድም!" ብላ ለቅሶውን ለቀቀችው። የግቢው ሴቶች በሙሉ ወጡ። ወልደሚካኤል ተዪ፣ እንዲያ አይደለም ይላሉ፤ ግን መርዶ አርጂ ሁሉ ለቅሶ ሲነሳ ተዪ እንደሚል ሴቶቹ ያውቃሉ። ጭራሽ ባሰባቸው። አንዷ ደረቷን እየደቃች ወደ መንገድ ወጣች። የዕድሩ ጥሩምባ ነፊ ሁለት ቤት አልፎ ነው የሚኖረው። ብቅ ቢል ሊቀ መንበሩ ራሳቸው በሩ ላይ ቆመዋል። ሌላ ማንን ይጠይቅ? ጥሩምባውን አውጥቶ፣ "ሸዋገነት ቤት ነው! የዕድሩ አባል ውጡ!" እያለ በየቅያሱ ነፋ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ልጆች የድንኳን ብረት ተሸክመው መጡ።

ሸዋገነት ውስጥ ሆና ይህን ሁሉ ትሰማለች። ጥሩምባውን ሰማች፣ የልጇን ስም ሰማች፣ ብረቱ መሬት ላይ ሲጣል ሰማች። አሁንም ግን አልነገሯትም። "ሂዱልኝ" ትላለች፣ "አልሰማም፣ ሂዱልኝ።" እንዲህ ስትል ግማሽ ሰዓት ያህል አለፈ፤ ከዚያ በክፍሉ ጀርባ ባለችው ጠባብ መስኮት አንድ ድምፅ መጣ። ይመር ነው። ሌሎቹ በር ላይ ሲደናገጡ እሱ በመጨረሻ ነገሩ ገብቶት፣ በጭቃው በኩል ዞሮ ነው የመጣው።

"ሸዋዬ፣ ልጅሽ ደህና ነው። ይቅርታ ልልሽ ነው የመጣሁት" አላት።

ልታምነው አልቻለችም። በር ለማስከፈት እንዲህ እንደሚባል ታውቃለች፤ ራሷም ለሰው ብላ ታውቃለች። ይመር የመስኮቱን ብረት ይዞ የአራቱን ጓደኞቹን ስም አንድ በአንድ ጠራ። በእነሱ ማለ። በዚያ ሁሉ ወሬው መሐል በእነሱ ስም ምሎ እንደማያውቅ ሸዋገነት ታውቃለች። ተነሳች። ሳጥኑን ገፋች፣ መቀርቀሪያውን ሳበች፣ ዞሮ የመጣውን ይመርን በሩ ላይ አገኘችው፤ በሁለት እጇ ደረቱን መታችው፣ ደገመችው፣ ሠለሰችው። እሱ አልተከላከለም። ከዚያ የበሩ ደፍ ላይ ዘፍ አለች። ወልደሚካኤል ጋቢያቸው ተንሸራቶ ወድቆ፣ ምን ዓይነት ሰዎች ነን፣ ምን ዓይነት ሰዎች ነን ይላሉ።

በዚህ መሐል ስልኳ ጠራ።

ከጡቷ ሥር አወጣችው፤ ቋጠሮውን ግን ጣቶቿ ሊፈቱላት አልቻሉም። ይመር ተቀብሎ ፈታው። እሱ ስልክ ሲያነሳ ሁልጊዜ ስፒከር ላይ ነው የሚያደርገው፤ ያለበለዚያ አይሰማም። ግቢው ውስጥ ገና ያልተነገራቸው ሴቶች በወዲያ ጥግ ያለቅሳሉ፣ ከመንገድም አዳዲስ አልቃሾች ይገባሉ።

"ሃሎ" አለ ይመር።

"ጋሼ ይመር?" አለ ከዚያ ወዲያ የበፍቃዱ ድምፅ። የሚሰማው የግቢውን ለቅሶ ነው። "እውነት ነው ማለት ነው። የእናቴን ስልክ እርስዎ አነሱት።"

ነገሩ ኋላ ነው የታወቀው። ሶሊ የሚባል የበፍቃዱ አብሮ አደግ ጥሩምባውን ሰምቶ፣ ማን ሞተ ቢል ሸዋገነት ቤት ነው አሉት። የሞተችው እሷ መሰለችው። ሲጠይቅ ሲያጣራ ሊቆይ ሲገባው በቴሌግራም ላከለት፤ እናት ሞተች ብሎ ለጦር ሜዳ ሰው በቴሌግራም። ኔትወርኩ ደግሞ ከአንድ ወር በኋላ የተመለሰው ለዚሁ ኖሯል፣ በዚያው ጧት።

በፍቃዱ እያቋረጠ ተናገረ። መልእክቱን ለአዛዡ አሳይቶታል። አዛዡ ሰው ነው፤ ወዲያው የሐዘን ፈቃድ ሰጥቶታል። ከሰዓት በኋላ በሚነሳ አውሮፕላን ቦታ ተገኝቶለታል፤ ሻንጣውን እያሰረ ነው። ማታ አዲስ አበባ ይገባል። ቀብሩን ብቻ እስክደርስ አቆዩልኝ አለ።

ሸዋገነት ደፉ ላይ ሆና ሁሉንም ሰማች። ማታ አዲስ አበባ ይገባል። እሷ ሞታ ከሆነ ማታ ይመጣል፤ እዚህ በር ላይ ይቆማል። ከመጣ በኋላ ያለውን ከመጣ በኋላ እናስብበታለን። የይመርን ሱሪ ያዘች። ቀና ብላ አየችው፤ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ፣ በዐይኗ በለው አለችው፤ ሞታለች በለው።

ይመር አያት። ያ ጦሩ መውጣት የለበትም ሲል የከረመው ሰው፣ አንድ ወታደር ቦታውን ጥሎ የሚሄድበትን ምክንያት ሁሉ ሲያጣጥል የኖረው ሰው፣ ለመወሰን ብዙ አልቆየም።

"ና፣ ልጄ" አለው። "ሁሉንም ትተህ ና። እናቆይልሃለን።"

ሽማግሌዎቹ ሰምተዋል። ሸዋገነት የይመርን ሱሪ አልለቀቀችም። ልጇ ማልቀስ ጀመረ። የወታደር ለቅሶ አልነበረም። አራት ዓመቱ ሆኖ ገበያ መሐል ጠፍቶባት፣ ጨው በረንዳ አካባቢ ያገኘችው ዕለት ያለቀሰው ዓይነት ነው፤ ትንፋሽ እያጠረው።

"ጋሼ ይመር" አለ በመሐሉ፣ "ስትሞት ማን ነበረ አጠገቧ? ብቻዋን ነበረች? ስሜን ጠርታ ነበር?"

ሸዋገነት ልጇ እስከ ማታ ድረስ እንዲህ እያለቀሰ እንደሚመጣ ታያት፤ ሻንጣውን ይዞ፣ አውሮፕላን ውስጥ፣ ሰው መሐል፣ እናቱ ብቻዋን እንደሞተች እያሰበ። ፈለገችው፤ እንዲመጣ ፈለገችው። ግን ያንን ለቅሶ መስማት አልቻለችም። ተነስታ ስልኩን ከይመር እጅ ወሰደችው።

"አለሁ" አለች። "በፍቃዱ፣ እናትህ ነኝ። አለሁ፣ አልሞትኩም።"

ከወዲያ ሳቅ ነው ለቅሶ ነው የማይለይ ነገር መጣ፤ እማዬ፣ እማዬ ብቻ ይላል። ነገረችው፤ ሽማግሌዎቹን፣ በሩን፣ ጥሩምባውን። ጠቡን ግን ዘለለችው። ጋሼ ይመር ለምን ና አለኝ ቢላት፣ እኔ ነኝ በለው ያልኩት አለችው። ከበፍቃዱ ኋላ አንድ ሰው ሲጠይቀው ይሰማል፤ "አለች፣ ጌታዬ፣ ደህና ናት" ሲል ይሰማል። ደግሞ ራቅ ብሎ፣ "እሺ፣ ጌታዬ" ሲል።

"እንግዲህ ሻንጣውን ልፍታው" አላት ተመልሶ። የተቆጣ አይመስልም። ፍታው፣ ልጄ አለችው።

ሊዘጋ ሲል ግን አንድ ነገር ትዝ አለው።

"እማዬ፣ እናንተ ሬዲዮ ትሰማላችሁ" አላት። "እዚህ የሚነግረን የለም። መርካቶ ምን ይባላል? እንወጣለን?"

ስፒከሩ ክፍት ነው፤ ግቢው በሙሉ ሰምቷል። ሁለት ወር ሙሉ ኩንታል እያስቆሙ በዚህ ነገር ሲከራከሩ የከረሙት ሰዎች አጠገቧ ቆመዋል። ወልደሚካኤል ከመሬት ያነሱትን ጋቢ ጭቃ ማራገፍ ጀመሩ። ሁዛይፋ ወደ ድንኳኑ ብረት ዞረ። ሸዋገነት ይመርን አየችው፤ ይመርም እሷ ምን እንደምትመልስ ይጠብቃል።

"እስካሁን አልተስማሙም፣ ልጄ" አለችው።